የረቡዕና የዓርብ ጨጓራ

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትኩ ነው፤ ከንፈሬም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ፊት ቆሜ አንብቤም ተናግሬም አላውቅም ነበር። ወንበር መደርደር፣ ሻይ ማፍላት፣ የልጆች ጃኬት መጠበቅ፣ እሱ የእኔ ሥራ ነው። ለሰው ወንጌል መናገር ግን አንደበት የተሰጣቸው ሰዎች ጉዳይ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ባለፈው ሴፕቴምበር የቤት ኅብረታችን መሪ አዲስ ትምህርት ጀመሩ። የሚኖሩት ኢንግልዉድ ነው፤ ከኤርፖርት በታክሲ ሰው ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ትምህርቱ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ወንጌልን ለአንድ ለአንድ ሰው እንዴት ይናገሩ እንደነበር ነው።

«ማይክ አልነበራቸውም፤» አሉ። «ዩቲዩብም የላቸውም። አንዱን መንገድ ላይ አገኙት፣ አንዷን ወንዝ ዳር፣ አንዱን እቤቱ ድረስ ሄደው። ሰው ለሰው ነው የተዳረሰው።» ከዚያ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩንና፣ «እስከ ፈረንጅ ገና እያንዳንዳችሁ ለአንድ ሰው። ለአንድ ብቻ!» አሉ።

የእኔ ሰው ወዲያው ትዝ አለችኝ። እቤቴ ነው ያለችው።

ኦገስት መጨረሻ ላይ በዲቪ የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። እናቷ አዲስ አበባ ሳለሁ ጎረቤቴ ነበሩ፤ የእሳቸውና የእኛ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራል። ልጃቸው ቪዛ ስታገኝ ደውለው፣ «አደራሽን፤ አንቺ ጋ ካለች እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል፤» አሉኝ። የምንኖረው ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት መኝታ ባላት አፓርታማ ውስጥ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄን ወደ እኔ ክፍል አዛውሬ የእሷን ክፍል ለእንግዳዬ ሰጠሁ። ልጄ ለሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሦስተኛው ቀን እንግዳዋ ሹሩባ ስትሠራላት ኩርፊያው አለቀ።

እኔ ስጋት የማያጣኝ ሰው ነኝ። ከቤት ስወጣ የምድጃውን ጋዝ ሦስት ጊዜ አያለሁ፤ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ለአራተኛ ጊዜ የምመለስበትም ቀን አለ። ለእንግዳዬም ያለኝን ስጋት ሁሉ አካፈልኳት።

«አውቶቡስ ውስጥ ስልክሽን አታውጪ።»

«እሺ እትዬ።»

«ጃኬት ያዢ።»

«እሺ እትዬ።» ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ሻወር ስትወስጂ በሩን አትቆልፊው፤ ብትወድቂስ?»

«እሺ እትዬ።»

ከአፏ ከ«እሺ» ሌላ ቃል አይወጣም። እኔ ደግሞ ምን ያለች የተባረከች ልጅ ናት እል ነበር።

እራት በልተን እኔ ዕቃ ሳጥብ እሷ ጋሼ የሰጡንን የሳምንቱን ንባብ ታነብልኛለች። ኮሌጅ የጨረሰች ናት፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ስላደገችም ንባቧ ዜማ አለው። አንገቷ ላይ ማዕተብ አስራለች። እኔም የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ ጌታን ያገኘሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም፤ ታነባለች፣ አዳምጣለሁ።

አንድ ቀን የጃንደረባው ታሪክ ደረሰ። የእኛው አገር ሰው፣ የንግሥቲቱ ባለሥልጣን፣ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ያነባል። ወንጌላዊው ሮጦ ይደርስበትና የምታነበው ይገባሃል ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው የሚያስረዳኝ ሳይኖር እንዴት ብሎ ይገባኛል ይላል። እኔ ሳህን እንደያዝኩ ዞርኩ።

«ይኸው! እኔን ነው የሚመስለው፤ እያነበበ አይገባውም!»

«እኔ ደግሞ ባይገባኝም አሳምሬ ነው የማነበው፤» አለችና ሁለታችንም ሳቅን።

ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ እሠራለሁ። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ እሷንም አስገባኋት። ኢንተርቪውን አልፋ ስንመለስ ደስታዋ መኪናውን ሞልቶታል፤ ፍሪዌዩ ላይ ወጥተናል። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩና፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ፣ ጌታ ኢየሱስ ለእኔ ምን እንዳደረገልኝ ነገርኳት። በአጭሩ ነው የነገርኳት፤ ሌይን መቀየር ነበረብኝ። በመጨረሻ፣ «አንቺስ ጌታን የግል አዳኝሽ አድርገሽ ትቀበያለሽ?» አልኳት።

የመቀመጫ ቀበቶዋን አስተካከለች። ከዚያ፣ «እሺ እትዬ፤» አለች።

እንባዬ መጣ። ለካ ፍጥነቴን ቀንሼ ኖሯል፤ ከኋላችን ያለው ሰው ሁሉ ክላክስ ይነፋል። መኪናውን እቤት ፓርክ ሳላደርግ ለጋሼ ደወልኩ። እሳቸውም ጊዜ አላጠፉም፤ ጋርዴና በተከራየነው አዳራሽ በኖቬምበር ሦስተኛው እሁድ ጥምቀት ስላለ ስሟን አስገቡት። ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ካላንደር እሁዱን በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት። በሐሙሱ ኅብረት ጋሼ ዜናውን ሲናገሩ ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ወንበር ስደረድር ማንም አጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ማሚ፣ አትቆጪኝ፤» አለች። እንግዳዬ ሱቅ ስለወረደች መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። «እሷ እኮ እኛ ቤት ነው የምትኖረው። ጆብ ያገኘሽላትም አንቺ ነሽ። ሶ ምን ትበልሽ? ኖ?»

«ካልፈለገች አልፈልግም ማለት ትችላለች።»

«ኦኬ፤ አንድ ቀን ኖ ስትል ሰምተሻት ታውቂያለሽ?»

«አንቺ የቤት ሥራሽን ሥሪ፤» አልኳት። መልስ ሳጣ የምሰጣት መልስ ይሄ ነው።

ነገሩ ግን ውስጤ ቀረ። የልጅቷ እሺ ለጌታ ካልሆነ፣ ለእኔ ብላ ውሃ ውስጥ ከገባች፣ ያ ምን ዓይነት ጥምቀት ነው? እናቷስ አደራ ያሉኝ ለዚህ ነው? እንዳልጠይቃት ፈራሁ፤ ብጠይቃት እሺ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ካላንደሩን ባየሁ ቁጥር ቀይዋ ክብ ትቀርባለች።

በዚህ መሃል ሆዷን ማመም ጀመራት። ከዚያ በፊት እኔ ሥራ ስለምውል የምትበላውን አላይም ነበር። አሁን ግን አንድ ሺፍት ነን፤ አብረን ወጥተን አብረን እንገባለን። አንድ ቀን ዶሮ ጠብሼ ሳቀርብላት፣ «ጨጓራዬን ነው እትዬ፤ ዛሬ ሽሮ ይሻለኛል፤» አለችኝ።

«ጨጓራ የታመመ ሰው ሽሮ ይበላል? በርበሬ አይደለም እንዴ? ወተት ጠጪ።»

«ወተት አይስማማኝም።»

«እርጎስ?»

«እሱም።»

«ተልባ ላፍላልሽ?»

«ተልባ እሺ።»

ዕንቁላል ቀቀልኩ፣ አልነካችውም። ሾርባ ሠራሁ፣ ሥጋ አለበት ወይ አለች፤ አለበት ስላት ጨጓራዋ ባሰባት። በማግስቱ ትድናለች፤ እንዲያውም ልጄ፣ «ትናንት ወተት አይስማማኝም ያለችው ዛሬ በብርጭቆ ጠጣችው እኮ፤» ብላኛለች። የጨጓራ ነገር እንዲህ ነው፣ ሲመጣ ይመጣል ሲሄድ ይሄዳል ብዬ አስረዳኋት። እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ መቼ መቼ ነው ያመማት ብሎ መጠየቁ አይቀርም ብዬ፣ ያመማትን ቀን ሁሉ ካላንደሩ ላይ ኤክስ አደርግ ጀመር። አንድም ቀን አላለፈኝም።

አምስት ሳምንት ሲሞላ አላስቻለኝም፤ በአንድ ማክሰኞ ክሊኒክ ወሰድኳት። «ግድ የለም እትዬ፣ ይተወኛል፤» ብላ ለመነችኝ፤ እኔ ግን በሽታ ሲደበቅ ነው የሚብሰው አልኳት። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ታስተረጉማለች፤ የእኔ እንግሊዝኛ የላውንድሪ ስለሆነ አንሶላና ፎጣ ላይ ያበቃል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሆዷን ጫን ጫን እያደረገች አየችና መቼ ነው የሚያምሽ አለቻት። እንግዳዬ ጫማዋን ታያለች።

«ቆይ ቆይ፣ እኔ አለኝ!» ብዬ ካላንደሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ኮርቼ ነው የዘረጋሁት፤ እንዲህ ዓይነት መረጃ የምታመጣ እናት ስንት አለች?

ሐኪሟ እያየችው ቆየች። ከዚያ በእስክሪብቶዋ ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር በአየር ላይ አወረደች፤ ቀጥሎ ሌላ መስመር። ኤክሶቼ እንደ ወታደር በሁለት ሰልፍ ቆመዋል። ከእነዚያ ሁለት ሰልፎች ውጭ አንድም ኤክስ የለም። በእነዚህ ቀናት የተለየ ምን ትበላለች ብላ ልጄን ጠየቀቻት።

ልጄ ጎንበስ ብላ አየች። «ማሚ፤ ረቡዕ፣ ዓርብ። ረቡዕ፣ ዓርብ። ረቡዕ፣ ዓርብ።» አፏን በእጇ ያዘች። «ማሚ፣ ይሄ ጨጓራ ኦርቶዶክስ ነው!»

እኔ፣ የኦርቶዶክስ ልጅ፣ እናቴ ረቡዕና ዓርብን ሳትጾም ውላ የማታውቅ፣ በገዛ እጄ የጾም ካላንደር ሠርቼ ለሐኪም አቀረብኩ። ጌታን ተቀብያለሁ ካለች ጾሙ ቀርቷል ብዬ ደምድሜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጠይቃት!

እንግዳዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ተነሣሁ። እጇን ስገልጠው ለካ እየሳቀች ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ እውነትም አለቀሰች፤ ሁለቱ ተደባልቆ ወጣባት። ልጄ ለሐኪሟ ስታስረዳ ሐኪሟም ሳቀች። ታማሚዋ አለባት የሚባል በሽታ እንደሌለ ተናግራ፣ ካላንደሩን የጻፈችው ማን ናት አለች። ወደ እኔ ሲጠቁሟት የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ አሰረችው። ግፊት የተገኘው እኔ ላይ ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥን። ልጄ ከኋላ ጆሮዋ ላይ ኢርፎኗን አድርጋለች፤ ሙዚቃ እንዳልከፈተች ግን አውቃለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እንዴት ብዬ እትዬ? ልጅዎን ከክፍሏ አስወጥተው አስተኙኝ። ሥራ አስገቡኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። አንዷን ነገር እምቢ ልበል?»

«እምቢ ብትዪኝ አስወጣሻለሁ ብለሽ ነው?»

«አያስወጡኝም። ግን ፊትዎ ይለወጥብኛል ብዬ ፈራሁ። እቤት ውስጥ ፊትዎ ከተለወጠብኝ የት እገባለሁ?» እጇ ማዕተቧ ላይ ነው፤ ለካ እሺ ካለችኝ ቀን ወዲህ በሸሚዟ አንገት ስትሸፍነው ነበር። «እኔ በሰማንያ ቀኔ ተጠምቄያለሁ። ሁለተኛ ተጠመቅሁ ብላት እናቴ ምን ትሆናለች? ይህን እያሰብኩ ሌሊት አልተኛም። ከዚያ ጠዋት ቁርስ አቅርበው ይጠብቁኛል፣ እንደገና እሺ እላለሁ።»

መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያ ሠረገላ ትዝ አለኝ። ስታነብልኝ ያልታየኝ ነገር ያን ጊዜ ታየኝ። ሠረገላው የጃንደረባው ነው። ወንጌላዊው በእግሩ ሮጦ የደረሰ ሰው ነው፤ ና ውጣና አጠገቤ ተቀመጥ ያለውም ጃንደረባው ነው። ባይጥመው በቃህ ውረድልኝ ይለው ነበር። ውሃውንም አይቶ እዚህ ልጠመቅ ያለው ራሱ ነው፤ ቀን የቆረጠለት የለም።

ይህንን እንደመጣልኝ ነገርኳት። «እኔ ግን አንቺን በራሴ ሠረገላ ጭኜ ነው የጠየቅሁሽ፤» አልኩ።

«ያውም ፍሪዌይ ላይ፤» አለች። «ወራጅ አለ ልበል?»

ልጄ ከኋላ ሳቋ አመለጣት። ከእኔም አመለጠ።

«ስሚ፤» አልኳት። «ክፍሉ ያንቺ ነው። ጌታን ብትቀበዪም ያንቺ ነው፣ ባትቀበዪም ያንቺ ነው። ሥራውም እንደዚያው። ፊቴ ከተለወጠ ጋዙን አጥፍቼዋለሁ ወይ እያልኩ ነው፤ አንቺ አይመለከትሽም። አሁን እምቢ በዪኝ።»

«እንዴ እትዬ!»

«በዪኝ፤ ልስማው።»

«...እምቢ።»

«አልተሰማም።»

«እምቢ! አልጠመቅም!»

«የስ!» አለች ልጄ፤ ከኋላ አጨበጨበች።

እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። የማምነውን ከልቤ ነው የማምነው፤ እንድታምንልኝም ዛሬም እጸልያለሁ። ግን ያ እምቢታ ከወጣ በኋላ ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ፣ እሺ ባለችኝ ቀን አልነበረም።

የቀረኝ ለኅብረቱ መናገር ነው። በሐሙሱ ስብሰባ ተነሣሁ። መጀመሪያ ስለ ሠረገላው የሚያወራውን ክፍል አነበብኩ፤ ጣቴን እየጎተትኩ፣ ቃል በቃል። ማንም አልሳቀም። ከዚያ፣ «ያጨበጨባችሁልኝን መልሳችሁ ውሰዱት፤» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካላንደሩንም ጭምር።

ሁሉም ጋሼን ያያል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እሱ ከሆነ እኔ ምን ልሁን?» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከኤርፖርት የጫንኩትን ሰው በር ቆልፌ ስሰብክ አይደለም የኖርኩት? አንዱ እኮ ቀይ መብራት ላይ ከነሻንጣው ወርዶብኛል!»

ሳቁ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ሳቁ ሲበርድ ጋሼ ስሟን ከዝርዝሩ ራሳቸው ሰረዙት። «ጸሎቱ አይሰረዝም፤» አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዚያ በኋላ እንግዳዬ እምቢ ማለት ጣማት። ጃኬት ያዢ ስላት፣ «አልይዝም፣ ይሞቃል።» የሻወሩን በር ትቆልፋለች። ወጤ ጨው በዝቶበታል ትላለች፤ ልጄ ለዓመታት ስትለኝ የነበረውን ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ እሠራለሁ፤ ሦስታችንም እንበላለን።

እሁዱ ደረሰ። ጋርዴና ከመሄዴ በፊት ወደ እሷ ቤተ ክርስቲያን አደረስኳት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች። በሩ ላይ ብዙ ሰው አለ። ወርዳ ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመልሳ መስኮቴን አንኳኳች። አንድ ነገር ረስታ መስሎኝ ወንበሩን ማየት ጀመርኩ።

«እትዬ፣ የዚህን ሳምንት ንባብ ብቻዬን ሳነበው ነበር። እስረኞቹ እኮ በሌሊት የወኅኒው በር ሁሉ ተከፈተላቸው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልወጡም? በሩ ክፍት ነው፣ ማን ያዛቸው?»

«እኔም አላውቅም፤» አልኳት።

«ያለ እኔ ንባቡን እንዳይጀምሩ፤» አለች። «ከቅዳሴ ስመለስ አብረን እናየዋለን።»

ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክስ ነፋ። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ሰዉ መሃል ገባች፤ እኔም ወደ ጋርዴና ነዳሁ።